የሰረቀ፣ የፋቀ፦ በመጻሕፍት ኅዳግ ላይ ስለቀረው የአንባቢ ታሪክ

1. መግቢያ

በ1999 ዓ.ም. የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ፣ ለገሃር አካባቢ አስፋልት ዳር ሸራ አንጥፎ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጥ ሰው አንድ የ«ፍቅር እስከ መቃብር» ቅጂ ገዛሁ። ሽፋኑ ተገንጥሎ በጋዜጣ ተሸፍኗል፤ ጀርባው በመርፌና በክር ተሰፍቷል፤ ውስጡ ደግሞ በእርሳስ ጽሑፍ ተሞልቷል። ያሰመረው፣ ያከበበው፣ የጥያቄ ምልክት ያኖረው፣ በገጹ ዳርና ዳር ባለው ባዶ ቦታ፣ ማለትም በኅዳጉ ላይ አስተያየት የጻፈው አንድ ሰው ብቻ አልነበረም፤ ቢያንስ የሦስት ሰዎች የእጅ ጽሕፈት ይታይ ነበር። እኔ በዚያን ጊዜ የምፈልገው ለጥናቴ የሚያገለግል ንጹሕ ቅጂ ነው። ስለሆነም ላጲስ ገዝቼ ሁለት ሌሊት ተቀምጬ የሰዎቹን እርሳስ አንድ በአንድ ፋቅሁት።

ወደ መጽሐፉ መጨረሻ ስደርስ፣ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ከብዙ መከራ በኋላ ከሚገናኙበት ገጽ ኅዳግ ላይ፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ፣ ላጲሴ የማይነካው ማስታወሻ አገኘሁ። «እዚህ ላይ እማዬ አለቀሰች። ማንበብ አቆምኩ። ጥቅምት 1971» ይላል። እጄ እዚያ ላይ ቆመ።

ይህች አጭር ማስታወሻ ያን ጊዜ በጠረጴዛዬ ላይ ተቆልለው የነበሩ የሂስ መጣጥፎች ያልነገሩኝን ነገር ነገረችኝ። ልብ ወለዱ በ1958 ዓ.ም. ከታተመ ከ12 ዓመታት በኋላ በአንድ ቤት ውስጥ አንድ ልጅ ለእናቱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነብ ነበር። እናቲቱ በዓይኗ ሳይሆን በጆሮዋ የምታነብ ተደራሲ ነበረች። ንባቡን የሚያስቆመውም የምዕራፉ ማብቂያ ሳይሆን የእርሷ ዕንባ ነበር። ከዚህ በፊት በነበሩት ገጾች ላይ በእርሳስ ተጽፎ የነበረው ግን በላጲሱ ፍርፋሪ ተጠርጎ ወጥቷል። እኔው ነኝ የጠረግሁት።

ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጸጸት የመነጨ ነው። ዓላማውም መጽሐፍ ወዳዶች በመጽሐፍ ዙሪያ ያላቸውን የዕለት ተዕለት ደስታና ልማድ ከብራናው ዘመን እስከ እኛ ዘመን በአጭሩ መዳሰስ ነው። ክርክሬ የሚከተለው ነው፦ የሥነ ጽሑፍ ታሪካችን የደራሲና የድርሰት ታሪክ ሆኖ የቀረው አንባቢው ምስክርነቱን ሳይሰጥ ቀርቶ አይደለም። ምስክርነቱን የሰጠው እኛ እንደ ቆሻሻ በምናየው ቦታ፣ በኅዳግና በባዶ ቅጠል ላይ ስለሆነ ነው። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

2. ብራናው እና ባለቤቶቹ

የብራና መጽሐፍ የሚወለደው በመፋቅ ነው። የፍየሉ ወይም የበጉ ቆዳ ይወጠራል፤ ሥጋውና ጠጉሩ ተፍቆ ይለሰልሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው መስመር የሚሰመርበት። ቆዳው ቀዳዳ ቢኖረው ጸሐፊው አይጥለውም፤ ወይ ይሰፋዋል፣ ወይም ቃሉን ከቀዳዳው ወዲህና ወዲያ ከፍሎ ይጽፈዋል። የብራና መጽሐፍ አይቶ የሚያውቅ ሰው ዓይኑ በመጀመሪያ የሚያርፈው በዚህች ስፌት ላይ መሆኑን አይክድም። ከጥቁሩ ጽሑፍ መካከል አርእስቱና የቅዱሳኑ ስም በቀይ ቀለም ይጻፋል። የተጠረዘው መጽሐፍ በእንጨት ገበታ ይያዛል፤ ገበታው ጌጥ በተቀረጸበት ቆዳ ይለበጣል፤ ከዚያም ማንገቻ ባለው የቆዳ ማኅደር ውስጥ ገብቶ በግድግዳ ላይ ይሰቀላል።

ለአንባቢው ምቾት የተደረገው ነገር ብዙ ነው። ተፈላጊው ክፍል ፈጥኖ እንዲገኝ በቅጠሉ ጠርዝ ላይ ባለቀለም ክር ይሰፋል። ሥዕል ያለበት ገጽ እንዳይጎዳ በላዩ እንደ መጋረጃ ጨርቅ ይሰፋበታል፤ አንባቢው ጨርቁን ገለጥ አድርጎ ሥዕሉን ያያል፣ መልሶም ይከድነዋል። እነዚህ ነገሮች ከጽሑፉ አንድ ቃል አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። ነገር ግን መጽሐፉን ማን፣ እንዴት፣ የትኛውን ክፍል እየመረጠ ያነበው እንደነበረ ይናገራሉ። ብዙ የተነበበ ገጽ የጣት ወዝ ጠጥቶ ማዕዘኑ ይጠቁራል፤ በሌሊት የተነበበ ገጽ የጧፍ ሰም ይንጠባጠብበታል። ከጥግ እስከ ጥግ የነጣ ቅጠል ያለው መጽሐፍ በአንጻሩ ከማኅደሩ ብዙም ያልወጣ መጽሐፍ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ ተናጋሪው ግን በመጀመሪያና በመጨረሻ የሚገኘው ባዶ ቅጠል ነው። እዚያ ላይ ብዕሩን ለመሞከር የተጫጫረ መስመር ይገኛል። መጽሐፉን ማን እንዳጻፈው፣ ማን እንደገዛው፣ አንዳንድ ጊዜም በስንት አሞሌ ጨው ወይም በስንት የማርያ ቴሬዛ ብር እንደተገዛ ይመዘገባል። በአብያተ ክርስቲያናት የሚገኘው ወንጌል፣ በተለይም «ወንጌል ዘወርቅ» የሚባለው፣ የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የሽያጭና የውል መዝገብ ሆኖ አገልግሏል። ውሉን የሚያፈርስ ሰው ወንጌሉን እንደደፈረ ስለሚቆጠር ከዚያ የተሻለ መዝገብ ቤት አልነበረም። ታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ በ1992 ዓ.ም. ገደማ ስለ ኢትዮጵያ ክርስቲያናዊ መንግሥት የመሬት ሥሪት ያሳተሙት ሰፊ ጥናት በአብዛኛው የቆመው በእንዲህ ያሉ የኅዳግና የባዶ ቅጠል ጽሑፎች ላይ ነው። ቅዱሱን ጽሑፍ የሚያነብ ሊቅ «ትርፍ» ብሎ ሊያልፈው የሚችለው ነገር ለታሪክ አጥኚው ዋናው ሆነ።

ጸሐፊዎቹ ራሳቸው ይህን አደጋ የተረዱ ይመስላል። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ጸሐፊው አንባቢው በጸሎቱ እንዲያስበው ይለምናል፤ ቀጥሎም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን ያወግዛል። የሚወገዙት እነማን እንደሆኑ መመልከት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው መጽሐፉን የሰረቀ ነው፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ሌላው በኃይል የቀማ ነው፤ ይህም አያስደንቅም። ከእነርሱ እኩል የሚወገዘው ግን የፋቀ ነው። ስም ፍቆ የራሱን ስም የሚተካ ሰው መጽሐፉን ከነገበታው ባይወስደውም ባለቤቱን ይሰርቃል፤ ታሪኩንም ይሰርቃል። የ1999ኙን ላጲሴን ካስታወስኩ በኋላ እንዲህ ያለ ውግዘት ባነበብኩ ቁጥር በእኔ ላይ የተጻፈ ይመስለኛል።

3. ከብራና ወደ ኅትመት

በ1900 ዓ.ም. የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» በሮም ታተመ። በ1914 ዓ.ም. ደግሞ በአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን አማካይነት የብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት በአዲስ አበባ ተቋቋመ። ማተሚያው የብራናውን ልማድ አጠፋው ብለን ብናስብ ስህተት ይሆናል። ይልቁንም አዲስ ነገር አመጣ። ሁለት የብራና ቅጂዎች በጸሐፊያቸው እጅ፣ በቆዳቸው፣ በስህተታቸው ሳይቀር ይለያያሉ። ሁለት የታተሙ ቅጂዎች ግን ከማተሚያ ቤት ሲወጡ አንድ ናቸው፤ የሚለያያቸው አንባቢው ብቻ ነው። ስለዚህ በኅትመት ዘመን የአንባቢው ምልክት ዋጋ ቀነሰ ሳይሆን ጨመረ ለማለት ይቻላል።

የባዶው ቅጠል ልማድ እንደቀጠለ ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገኝም። በአያቴ ቤት የነበረው ዳዊት የታተመ ነበር። በመጨረሻው ቅጠል ላይ ግን የዘጠኝ ልጆች ስም ከየተወለዱበት ቀን ጋር በእጅ ተጽፏል፤ ከሁለቱ ስም ጎን ትንሽ መስቀል አለ። አባቴ የልደት ቀኑን የሚያውቀው ከዚያ ቅጠል ነው። የልደት ምስክር ወረቀት ሲጠየቅም አጎቴ ዳዊቱን በነጠላ ጠቅልሎ ይዞ ሄዷል። የታተመው መጽሐፍ የብራናውን መዝገብ ቤትነት እንደወረሰ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው ብሂልም በዚያ ቤት ውስጥ ቃል በቃል የሚሠራ ነበር።

ማኅደሩም ቢሆን መልኩን ለወጠ እንጂ አልጠፋም። በተማሪነታችን መጽሐፍ ሲሰጠን የመጀመሪያው ሥራ በጋዜጣ መሸፈን ነበር። ከ1933 ዓ.ም. ጀምሮ የሚታተመው «አዲስ ዘመን» ዜናው ከተነበበ በኋላ ሁለተኛ ዕድሜ የሚያገኘው የመጽሐፍ ልብስ ሆኖ ነው። ዛሬ አሮጌ መጽሐፍ ሲገዛ ከሚገኙት ትንንሽ ደስታዎች አንዱ ይህን ልብስ ማንበብ ነው፤ የሐዘን መግለጫው፣ የጨረታ ማስታወቂያው፣ የእግር ኳስ ውጤቱ መጽሐፉ በየትኛው ዘመን በሰው እጅ እንደነበረ ይመሰክራል። በገጾቹ መካከል ደግሞ የአውቶቡስ ቲኬት፣ ያልወጣ ሎተሪ፣ ደርቆ የቀረ አደይ አበባ ይገኛል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የስጦታ ጽሑፍ ነው። «ማስታወሻነቱ» ብሎ ጀምሮ የሰጪውንና የተቀባይዋን ስም፣ ቀኑንና ፊርማውን የያዘ መጽሐፍ አስፋልት ላይ ለሽያጭ ተዘርግቶ ስናይ አንድ ሙሉ ልብ ወለድ በዓይነ ሕሊናችን ይሳላል። ፍቅሩ አልቆ ነው? ችግር ወይስ ሞት? ወይስ መጽሐፍ ተውሶ ያልመለሰ ወዳጅ? የቀድሞው ጸሐፊ ቢሆን ለዚህ ሁሉ ውግዘቱን አዘጋጅቶ ነበር።

በዚህ ረገድ ስለ አንድ ስያሜ ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። በ1936 ዓ.ም. የተመሠረተው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት «ቤተ መጻሕፍት ወመዘክር» ይባል ነበር። ሕዝቡ የስሙን የመጀመሪያ ክፍል ትቶ በሁለተኛው ብቻ «ወመዘክር» ብሎ ጠራው። በግዕዝ «ወ» ማያያዣ ስለሆነች አንባቢው ወደዚያ ሲሄድ «እና መታሰቢያ» ልሄድ ነው እንደማለት ነው። ተማሪዎች ይህን ሲሰሙ ይሥቃሉ። እኔ ግን የሕዝቡ ጆሮ ያለምክንያት የመረጠው አይመስለኝም። መጻሕፍቱ በሌላም ቦታ ይገኛሉ፤ ከመጻሕፍቱ ጋር በማያያዣ ተንጠልጥሎ የሚመጣው መታሰቢያ ግን በሌላ ቦታ አይገኝም።

4. የኪራይና የድብቅ ንባብ

ልጅነቴን ባሳለፍኩባት በደሴ ከተማ በ1980ዎቹ መጻሕፍት የሚያከራዩ ትንንሽ ሱቆች ነበሩ። ማስያዣ ይሰጣል፤ ኪራዩ በቀን ይታሰባል። የአንድ ቀን ኪራይ በእኛ ቤት ለአራት ሰው ይከፋፈል ነበር፤ ታላቅ እህቴ ጠዋት፣ እኔ ከሰዓት በኋላ፣ ወንድሜ ከእራት በኋላ፣ አባቴ ደግሞ ሁላችን ስንተኛ። ጎረቤት «ጨረሳችሁ ወይ?» ብሎ በር የሚያንኳኳውም በዚሁ ቀን ውስጥ ነው። አንድ የታተመ ቅጂ አንድ አንባቢ ብቻ አለው ብሎ የሚቆጥር የኅትመት አኃዝ እንዲህ ያለውን ንባብ ከቶ አይደርስበትም።

የኪራይ መጽሐፍ ኅዳግ የሰፈር አደባባይ ነበር። አንድ የወንጀል ልብ ወለድ በተከራየሁ ጊዜ በዐሥረኛው ገጽ ላይ አንድ ምቀኛ የገዳዩን ስም ጽፎ አገኘሁ። ከሥሩ ሌላ ሰው «ውሸቱን ነው፣ አትመኑት፣ አንብቡ» ብሎ መልሷል። ሦስተኛው ደግሞ «ሁለታችሁም ኪራዩን ጨምራችሁ ክፈሉ» ብሏል። በሌላ መጽሐፍ የመጨረሻው ቅጠል ተቀዶ ጠፍቶ፣ ቀደም ሲል ያነበበ አንድ ደግ ሰው መጨረሻውን በደብተር ወረቀት ከትዝታው ጽፎ በስፒል አያይዞት ነበር። ኋላ ሙሉውን ቅጂ አግኝቼ ሳስተያየው፣ ሰውየው መጨረሻውን ከደራሲው ይልቅ ለባለታሪኳ በሚራራ መንገድ እንደጻፈው ተረዳሁ። በሥነ ጽሑፍ ክፍለ ትምህርት ውስጥ «የአንባቢ ምላሽ» ብለን የምናስተምረውን ነገር እኔ በመጀመሪያ የተማርኩት ከዚያ ስፒል ነው።

ይህ የጨዋታው ገጽታ ነው። ንባብ አደጋ በሆነበት ጊዜ ግን የአንባቢው ድርሻ ሌላ ክብደት ያገኛል። የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም. ታትሞ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ እንዲሰበሰብ ተደረገ፤ ደራሲው በየካቲት 1976 ዓ.ም. እንደወጣ ሳይመለስ ቀረ። መጽሐፉ ግን ከእጅ ወደ እጅ በድብቅ እየተላለፈ መነበቡን አላቆመም። በዚያ ጊዜ ይዞት የሚገኝ ሰው ስሙን በሽፋኑ ውስጥ አይጽፍም። ስለዚህ በመጽሐፍ ላይ የባለቤት ስም አለመኖሩም አንዳንድ ጊዜ ምስክርነት ይሆናል።

ሌላው ምሳሌ ከዚህም ይልቃል። ጋዜጠኛና ገጣሚ ነቢይ መኮንን በደርግ ዘመን በማዕከላዊ ታስሮ ሳለ፣ አሜሪካዊቷ ማርጋሬት ሚቸል በ1928 ዓ.ም. ያሳተመችውን ዝነኛ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ ተረጐመ። ወረቀት ስላልነበረ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ በሚገኘው ስስ ወረቀት ላይ ነው፤ ቁጥሩም ወደ 3,000 ይደርስ ነበር። ትርጉሙ በኋላ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ ለአንባቢ ቀረበ። ከሚጣል ወረቀት ላይ መጽሐፍ መሥራት ቀዳዳ ያለበትን ቆዳ ሰፍቶ ከሚጽፈው ጸሐፊ ሥራ ጋር አንድ ነው። ሁለቱም ያገኙትን ባዶ ቦታ አላባከኑም። የታተመውን ቅጂ ብቻ የያዘ አንባቢ ግን ያን ሁሉ ድካም አያየውም፤ ሥራው እንዴት እንደተወለደ የሚናገረው የተጻፈበት ነገር ነው።

5. የተከረከመው ኅዳግ

ለብራናው ቢዘገይም የሚገባው ተደርጎለታል። በ1960ዎቹ አጋማሽ በተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍት ተቀርጸዋል፤ ዊልያም ማኮምበርና ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ያዘጋጇቸው ካታሎጎችም የመጽሐፉን ይዘት ብቻ ሳይሆን የባለቤቱን ስም፣ የኅዳጉን ማስታወሻና በባዶው ቅጠል ላይ የተጻፈውን ውል ጭምር ይመዘግባሉ። ተመራማሪዎች የተጠቀሙትም በዚህ ነው።

የታተመው መጽሐፍ ግን ይህን ዕድል አላገኘም። በካርዱ ላይ የደራሲው ስም፣ ርእሱ፣ ዓመተ ምሕረቱና የገጹ ብዛት ይሰፍራል፤ አንባቢው አይሰፍርም። ስሙን በማልጠቅሰው አንድ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያረጁ የአማርኛ ልብ ወለዶች እንደገና ሲጠረዙ ተመልክቻለሁ። ጠራዡ ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው። ጠርዙ እኩል እንዲሆን ሦስቱንም ጎን በመቁረጫ ከረከመው፤ ከወለሉ ላይ የወደቀውን ክርታስ ዝቅ ብዬ ሳነሣ «…ልክ ነው፣ እኔም…» የሚል የእጅ ጽሑፍ ቁራጭ አገኘሁ። የቀረው ግማሽ ከመጽሐፉ ጋር ተሰፍቷል። በዘመናችን ደግሞ መጽሐፍ በስልክ ካሜራ ተነሥቶ ሲሠራጭ የሚመረጠው ንጹሑ ቅጂ ነው፤ የተጫጫረበት ቅጂ «አይነበብም» ተብሎ ይጣላል። እኔ በላጲስ የሠራሁትን መቁረጫውና ካሜራው በብዛት ይሠሩታል።

በዚህ ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች መኖራቸውን አልዘነጋም። አንደኛ፣ የቤተ መጻሕፍት ባልደረቦች በሕዝብ መጽሐፍ ላይ መጻፍን መከልከላቸው ትክክል ነው፤ ለፈተና ብሎ ገጽ የሚገነጥል ተማሪ አንባቢ ሳይሆን ቀማኛ ነው። እኔ የምለው አዲስ እንጻፍበት ሳይሆን የተጻፈውን አንፋቅ ነው። ሁለተኛ፣ ኅዳግ ላይ የሚጽፉት ጥቂቶች ናቸው፤ አብዛኛው አንባቢ አንብቦ፣ ዘግቶ፣ ዝም ብሎ ይመልሳል። ተዋናዩ ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ዝግጅት ሲተርክ ያዳመጠው ሕዝብ በምንም ገጽ ላይ ምልክት አልተወም። ስለሆነም ከኅዳግ የምናገኘው ማስረጃ ከፊል መሆኑን ማመን ይገባል። ከፊል ማስረጃ ግን ማስረጃ ካለመኖሩ ይሻላል። የእማዬ ዕንባ አንድ ብቻ ቢሆንም ስለ ዕንባው የምናውቀው ስለተጻፈ ነው።

6. ማጠቃለያ

ከላይ እንደታየው፣ መጽሐፍ ወዳዶች በየዘመኑ የሚደሰቱባቸው ትንንሽ ነገሮች፣ ማለትም ክሩ፣ መጋረጃው፣ ማኅደሩ፣ የጋዜጣው ሽፋን፣ የስጦታው ጽሑፍና የኪራዩ ኅዳግ፣ ከሥነ ጽሑፍ ታሪክ ውጭ የሚታዩ አይደሉም። አንባቢው የሚገኘው በእነርሱ ውስጥ ነው። ደራሲውን ብቻ የምናጠና ከሆነ ግማሹን ተግባቦት ትተናል ማለት ነው።

ስለዚህ ላለፉት ጥቂት ዓመታት ለተማሪዎቼ አንድ ቀላል ሥራ እሰጣለሁ። እያንዳንዳቸው ከቤታቸው ወይም ከአስፋልት ዳር አንድ ያረጀ የአማርኛ መጽሐፍ ያመጣሉ፤ ታሪኩን ሳይሆን ቅጂውን ይገልጻሉ። ማን ሸፈነው፣ በምን ሸፈነው፣ ማን ለማን ሰጠው፣ የት ላይ ተሰመረ፣ የት ላይ ቆመ። መጀመሪያ ላይ ያጉረመርማሉ፤ ኋላ ግን አንዱ የአባቱን ፊርማ፣ አንዷ የአክስቷን የልጅነት ግጥም አግኝታ ትመጣለች። ከነዚህ መግለጫዎች ቢያንስ ጥቂቱ በቤተ መጻሕፍት ካርድ ላይ በአንድ መስመር ቢመዘገብ ለነገው ተመራማሪ ትልቅ ስንቅ ነው። ጠራዥም ከመከርከሙ በፊት ኅዳጉን ቢያይ ወጪ አይጠይቅም።

የገዛሁት «ፍቅር እስከ መቃብር» ዛሬም በመደርደሪያዬ ላይ አለ። ገጾቹን ወደ ብርሃን ቀና አድርጌ ስይዝ የፋቅሁት እርሳስ የተጫነበት ጎድጓዳ መስመር አልፎ አልፎ ይታያል። ባለፈው ክረምት «ጉዱ ካሣ» ከሚለው ስም ጎን አንድ ቃል አነበብኩ፤ «አባባን» ይላል፤ ምናልባትም «አባባን ይመስላል» ነበር። ቀሪውን በመስኮቱ ብርሃን እየፈለግሁ ነው።